ላም የተሳለባት ቆርቆሮ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ስለ ቆሻሻ ልታስተምረኝ ቤቴ ድረስ መጣች። ይህን ያህል ዘመን ስኖር ስለ ቆሻሻ የሚያስተምረኝ አላገኘሁም ነበርና ግቢ አልኳት። ቤት ለቤት እየዞሩ ከሚያስተምሩት ወጣቶች አንዷ ናት፤ አፏ ጣፋጭ፣ ጫማዋ ነጭ፣ በእኛ በሱሉልታ ጭቃ እንዴት አድርጋ እንደምትራመድበት እንጃ። ላስቲክ ለብቻ፣ ወረቀት ለብቻ፣ የምግብ ትርፍራፊ ለብቻ መቀመጥ እንዳለበት፣ ትርፍራፊው ማዳበሪያ እንደሚሆን፣ ባዶ ዕቃ ደግሞ ፈጽሞ መጣል እንደሌለበት አስረዳችኝ። ከቦርሳዋ ቀለም የተቀባ የወተት ዱቄት ጣሳ አውጥታ "ይኸው እማማ፣ አበባ ይተከልበታል" አለችኝ። እሰይ፣ ጎበዝ አልኳት። የገዛ አያቷ በባዶ ጣሳ ምን ያደርጉ እንደነበር ብትጠይቅ ይህን ሁሉ መንገድ ባልደከመች ነበር። ግን ልጅ ናት፤ ክፉ ቃል አልወጣኝም።

ልትሄድ ስትነሳ በበሩ ጥግ ያስቀመጥኩትን የበረኪና ጀሪካን አየች። ሆዱን በሚስማር ወንፊት አድርጌዋለሁ።

"ውይ እማማ! እንዲህ ያለ ጀሪካን ለምን በሱት? ታጥቦ እኮ ውሃ ይያዝበት ነበር።"

"ታጥቦ?" አልኳት።

"አዎ፤ በደንብ ከታጠበ ምን ይሆናል?"

ቆሎ ቋጠርኩላትና ሸኘኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ቤቱ ውስጥ ወይራ ወይራ ይሸተኛል። ልጆቼን ብጠይቃቸው ምንም አይሸትም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ቤት ወይራ ከጨሰ ስንት ዘመኑ።

ያን ጊዜ ሱሉልታን ከተማ ብሎ የሚጠራት አልነበረም። የጎጃም መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቂት የቆርቆሮ ክዳን ቤቶች፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊ የማይጠፋበት አንድ ሱቅ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የተቀቀለ እንቁላል ይዘው የሚሮጡ ሴቶች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሜዳ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ መስከረም ላይ ቢጫ ይለብሳል፣ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የከብት ነው። ወተቱ በአህያም በአውቶቡስም እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ዛሬ ያ ሜዳ ፎቅ በቅሎበታል፤ ድሮ ላሞቻችን ይጠጡበት የነበረውን ኩሬ ፈልጌ ብሄድ ጎማ ቤት ሆኖ አገኘሁት። ያኔ ወንዱ ካኪ ኮት በተነፋነፍ ሱሪ፣ ሴቱ ቺት ቀሚስ ለብሶ ነጠላውን ጣል አድርጎ ነው ገበያ የሚወጣው። ከሱቁ አጠገብ ያለው ቡና ቤት ራዲዮ ነበረው፤ አመሻሽ ላይ ዘፈን ሲለቀቅ እኛ ሴቶች ልጆች ከመንገዱ ማዶ ቆመን እንሰማለን፣ ገባ ብሎ መስማት ነውር ነዋ። ዘፈኑ ሁሉ ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ ነበር። ስለ እጅ የተዘፈነ ትዝ አይለኝም፤ በእኛ ቤት ግን የሚታወቀው እጅ ነው፣ የእናቴ እጅ።

እናቴን ሰፈሩ እትዬ በላይነሽ ይላታል። "በእኔ ቤት ወድቆ የሚቀር ነገር የለም" ማለት ትወድ ነበር፤ እውነቷን ነው። የአባቴ ጋቢ ሲሳሳ ተቆርጦ የእኛ ጋቢ ይሆናል። የእኛ ሲያልቅ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ መጠቅለያው ሲበጣጠስ የድስት ማውረጃ፣ ማውረጃው ጠርዙ ሲቃጠል ተፈትሎ የኩራዝ ክር። ጋቢ ከእኛ ቤት የሚወጣው በርቶ ሲያልቅ ነው። ኩራዙ ራሱ የሳልሳ ጣሳ ነበር። እንስራ ሲሰበር ገሉ ከጎረቤት እሳት ይጫርበታል፣ ቂጡ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናል። አተላው ለላሚቱ፣ የላሚቱ እበት ለኩበት፣ የኩበቱ አመድ ለዕቃ ማጠቢያ፤ የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ። ቆራሌው "ቆርቆሮ ያለው!" እያለ መንደሩን ሲያዳርስ ከእኛ አጥር ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል። "እዚህ ቤት እንኳን የሚሸጥ የሚወድቅም የለ" እያለ ያልፋል። እናቴ ይህን ስትሰማ ደስታዋ ሌላ ነው። ደህና መክደኛ ያለው ጣሳ ገበያ ላይ ስሙኒ ያወጣ ነበር፤ ስሙኒ ደግሞ ያኔ ስሙኒ ነበረች።

አባቴ ከሜዳው ማዶ አንድ ፈረንጅ ያቋቋመው የከብት እርባታ ዘበኛ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ካኪ ኮቱ ጎኑ ላይ አብጦ መጣ። ከውስጡ ያወጣት ቆርቆሮ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች። ወፍራም፣ ክብ፣ መክደኛዋ ተጠምዝዞ የሚገጥም፣ ሆዷ ላይ ቀይ ላም የተሳለባት። ላሚቱ ጡቷ የሞላ፣ ዓይኗ የሚያይ ይመስል ነበር። ዙሪያዋን የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ በመንደራችን እሱን የሚያነብ አልነበረም።

"ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል እኮ!" አለ አባቴ፤ ገና አልበረደለትም። "ባዶ በሆነ ቁጥር ይኸን የመሰለ ዕቃ አፈር ያለብሱታል።"

"ፈረንጅ ምን ቸገረው" አለች እናቴ እያገላበጠች። "ጥጋብ ነው።"

ሌላ ያሰበ አልነበረም። ባዶ ዕቃ ማን ይቀብራል? እኛ የምንቀብረው ሬሳ ብቻ ነው። ዘበኞቹ ሁሉ ተራ እየገቡ ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረው ያወጡ ነበር፤ ለእነሱ ከጥፋት ያዳኑት ነው እንጂ የሰረቁት አይደለም።

ቆርቆሮዋ ሽታ ነበራት፤ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። እናቴ በፈላ ውሃና በአመድ አሸቻት፣ በግራዋ ቅጠል ፈተገቻት፣ ፀሐይ ላይ ዘቅዝቃ አዋለቻት፣ ከዚያ ወይራ አጨሰችባት። በእኛ አገር የወተትና የቅቤ ዕቃ በመታጠቡ ንጹሕ አይባልም፤ ንጹሕ የሚባለው ሲታጠን ነው። በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ክፉ ነገር ይቀራል ቢሉን ማን ያምናል። ሽታው እስኪለቅ ደጋግማ አጠነቻት፤ በመጨረሻ አፏን ከፍታ አሸተተችና "አሁን ሰው ሆነች" አለች። ላም የተሳለባት ለላም ነገር ናት ብላም የቅቤ ዕቃ አደረገቻት።

ያን ዓመት ቅቤ የሚጠራቀምበት ምክንያት ነበረን። ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ቡራዩ ለአንድ ነጋዴ ተድራ፣ ልጅ እምቢ ብሏት ስትለምን ስትሳል ከርማ፣ በመጨረሻ አርግዛ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና ለመውለድ ወደ እኛ መጣች። እናቴ በሁዳዴ ጾም ማንም ቅቤ በማይነካበት ጊዜ የላሚቱን ቅቤ እየናጠች፣ እያነጠረች፣ ከነትኩሱ በዚያች ቆርቆሮ አጠራቀመች። ለአራሷ ነው። አንድ ቀን መክደኛዋ ላይ የቀረውን በጣቴ ልልስ ስል እጄን በማማሰያ መታችኝ። ቂም ይዤባት አለቀስኩ። ዛሬ በሕይወት ያለሁት በዚያ ምት ነው።

ትንሣኤ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቴ እልልታውን ከደጅ ሆኖ ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ስሟል። ልጁ የተጠቀለለበት ጋቢ የእናቴ አባት ይለብሱት የነበረ ነው፣ የተኛበት ከሳሙና ሣጥን የተሠራ አልጋ ነው፣ ጥብቆው ከእኔ አሮጌ ቀሚስ የተሰፋ። ያኔ ሕፃን ሲወለድ ጉሮሮው እንዲለሰልስ ቅቤ ማዋጥ ልማድ ነበር፤ እናቴ ትንሽ ጣቷን እየነከረች ታልሰዋለች። ለእህቴም ገንፎው መሃል ጉድጓድ አበጅታ ቅቤውን ሞልታ ታቀርብላታለች። ከሁለቱ በቀር ማንም ከዚያች ቆርቆሮ አይቀምስም ነበር፣ ክብራቸው ነው።

ልጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲጠባ ድንገት ይገታል፣ እግሮቹ ይወጠራሉ፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል። እህቴንም ያስመልሳት ጀመር፤ ራሴን ትላለች፣ ጣቶቿ ማንኪያ አልይዝ ይሏታል። የሰፈሩ አሮጊቶች መጥተው አይተው ነገሩ ቀላል ነው አሉ። "ብርድ ገብቷታል፤ ቅቤ አብዙላት።" እናቴ አበዛች። ለልጁም አበዛች። ጠበልም መጣ፣ ጸሎትም ተደረገ፤ ልጁ ግን ሁለተኛ ሳምንቱን ሳይዘልቅ በእናቴ ጭን ላይ ሞተ።

ክርስትና ስላልተነሳ የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከቅጥሩ ሥር ነው። አባቴ ከሱቁ አዲስ አቡጀዲ ገዝቶ መጣ። እናቴ ጨርቁን ስታየው "ያ የቀረው የአባቴ ጋቢ አለ እኮ" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ያ ልጅ ለብሶት የነበረው ሁሉ የሌላ ሰው አሮጌ ነበር። አዲስ ነገር የለበሰው የተቀበረ ዕለት ነው።

ለቅሶ ደራሹ መጣ፣ ሄደ፤ "እግዜር የወደደውን ወሰደ" አለ። በዚያ ዘመን ሕፃን መሞቱ ብርቅ አልነበረምና ምን ገደለው ብሎ የጠየቀ የለም። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ኦቦ ቱፋ ነበሩ። አጥር የምንጋራቸው ገበሬ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ፣ በፈረንጁ እርባታም የቀን ሥራ ይሠሩ ነበር። ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ሙሎ ዘመድ ቤት ወርደው ስለነበር ቀብሩ አመለጣቸው። ገብተው "አካም ጂርቱ፣ እግዜር ያጥናችሁ" ብለው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ፣ እናቴ ቆርቆሮዋን በአንድ እጇ፣ ማንኪያ በሌላ እጇ ይዛ ከጓዳ ወጣች። የእህቴ ገንፎ ደርሶ ነበር።

ኦቦ ቱፋ ተፈናጥረው ተነሱ።

"ዺሲ! ዺሲ እትዬ በላይነሽ! ተይው! ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ምነው ኦቦ ቱፋ? የአራሷ ቅቤ ነው። አንቱ ደግሞ ሰው ያስደነግጣሉ።"

"ቅቤውን አላልኩም፣ ቆርቆሮውን ነው። ይህ መዥገር የሚገድል መድኃኒት ነው። ከብቱ በሚነከርበት ገንዳ ውስጥ የምጨምረው እኔ ነኝ፣ በረጅም ዱላ ነው የማማስለው። እጄ ላይ ጠብ ካለብኝ ፈረንጁ ይጮህብኛል። ባዶውን ቅበሩ የሚለን ስለዚህ ነው።"

እናቴ መጀመሪያ ቆርቆሮዋን፣ ከዚያ ኦቦ ቱፋን አየች። ነገሩ ገና አልገባትም፤ ወይም ገብቷት እንዳይገባት ትታገል ነበር።

"ታጥኗል እኮ" አለች። "በግራዋ ፈትጌ፣ በወይራ አጥኜዋለሁ። ያሽትቱት፣ እስቲ ያሽትቱት።"

ኦቦ ቱፋ አላሸተቱም። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። "ዋቃዮ" አሉ ቀስ ብለው። "እትዬ፣ ይህ በጭስ አይወጣም።"

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ከአልጋዋ ላይ እህቴ "እማዬ፣ ምንድን ነው የሚሉት?" ብላ ተጣራች። ግን ሰምታለች።

ኦቦ ቱፋ ያን ዕለት ባይመጡ እህቴም ልጇን ትከተል ነበር። ገንፎው ለማንም ሳይሆን ቀረ፤ በዚያ ቤት ምግብ ሲደፋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ገንፎውንም ቅቤውንም ቀበረች። ከዚያ ከአጥሩ ላይ ሚስማር ነቀለች፣ ድንጋይ አነሳች፣ ቆርቆሮዋን በጉልበቷ ይዛ መብሳት ጀመረች። የላሚቱን ዓይን፣ የላሚቱን ጡት፣ መክደኛውን፣ ቂጡን። አላለቀሰችም። ለልጁ ያለቀሰችውን ያህል እንኳ አላለቀሰችም። የድንጋዩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ እኛም እንድትተው ለመንገር አልደፈርንም።

ስትጨርስ አባቴን "ሌሎቹስ እነማን ወሰዱ?" አለችው። ነገራት። በማግስቱ ሚስማሩን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ያጠራቀመችውን ጣሳና ቅል በጆንያ አዝላ፣ እኔን አስከትላ ወጣች። በየዘበኛው ቤት እየገባች ቆርቆሮውን ትጠይቃለች፣ በራሷ ዕቃ ትለውጣለች፣ እዚያው ደጃቸው ላይ ትበሳዋለች። ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብለው ያሟት ጀመር። አንዷ ሴትዮ አልሰጥም ብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

"እኔ ላምባ ነው የማኖርበት! ላምባ ማን ይጠጣል?"

"ዛሬ ላምባ ነው" አለቻት እናቴ። "ነገ የወተት ዕቃሽ ሲሰበር ታጥቢዋለሽ፣ ታጥኚዋለሽ። አውቅሻለሁ እህቴ፤ እኔም እንዲሁ ነኝ።"

ሴትዮዋ ሰጠቻት። እናቴም የቀራትን ትልቁን ማሰሮዋን ሰጠቻት። እንዲህ እንዲህ እያለ ከጣሪያ እስከ ወለል ሞልቶ የነበረው ቤታችን ባዶ ሆነ፤ ስንናገር ድምፃችን ይመለስልን ነበር። አባቴ የዘበኝነቱን ሥራ ተወ። ስለ ቆርቆሮዋ አንድም ቀን ሳያነሳ፣ ማንም ሳያነሳበት፣ በአንድ ክረምት ሞተ።

እህቴ መቆም ስትችል ባሏ መጥቶ ወደ ቡራዩ ወሰዳት። ሌሎች ልጆች ወለደች፣ ሁሉንም በባሏ ቤት። እናቴ ለአራስ ጥሪ አልተላከላትም፣ እሷም ልምጣ አላለችም። እናቷን ጠልታ ነው ብሎ ማንም እንዲያስብ አልፈልግም። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ገብታ፣ እንደገና በጎጃም አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች፤ ጉልበቷን ትስማለች፣ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ቀሚስ ታመጣላታለች። ከዚያ ቤት ግን እህል ውሃ አይቀምስም ጉሮሮዋ። እናቴ ጠላውን ቀድታ፣ እንደ አሳላፊ በመዳፏ ጠብ አድርጋ በፊቷ ትቀምስላታለች። ከወጡም ትቀምስላታለች፣ ከውሃውም ትቀምስላታለች። እህቴ ታቀረቅራለች።

"ጾም ነኝ እማዬ።"

በጾም ቀን ደህና ነው። በፍስክም ጾም ነኝ ትላለች። በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት፣ ጾም ነኝ ትላለች። እናቴ አንድ ቀን እንኳ "የምን ጾም?" አላለቻትም። "ይቀበልልሽ ልጄ" ትላለች። እህቴ ስትሄድ የእሷን ድርሻ ቁጭ ብላ ራሷ ትበላዋለች፤ በቤቷ ወድቆ የሚቀር የለምና። እየበላች ዓይኗ የሚፈስበት ጊዜ ነበር፣ በርበሬው ነው ትላለች።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው እናቴ ታመመች። ነዳጅ ተወደደ፣ ታክሲ አደመ፣ ተማሪ ወጣ የሚባልበት ሰሞን ነው፤ ራዲዮው ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ መዝፈኑን ትቶ ዜና ብቻ ሆኖ ነበር። ትንሣኤ አልፏል። እህቴ መንገዱ ሳይዘጋ ብላ ከቡራዩ መጥታ አልጋዋ አጠገብ ሰነበተች። ስንቋን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው፤ ደጅ ወጥታ ትበላለች። እናቴ እህል ካቆመች ቆይታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ በእናቴ ጓዳ፣ በእናቴ ምድጃ ላይ አጥሚት ሠራች። ከሸክላው ማሰሮ ቅቤ ጣል አደረገችበት፤ ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ከሸክላ በቀር የቅቤ ዕቃ አያውቅም። በኩባያ ቀድታ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደተንቀጠቀጡ ናቸው፣ በመርፌ እንኳ ክር አታስገባም፤ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከዚያ ማንም ሳይጠብቅ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ቀመሰችው።

እናቴ አየቻት። ዓይኗ ከደከመ ሰንብቶ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አየቻት።

"እንኪ እማዬ፣ ትንሽ ፉት በይ።"

"ጾም ነኝ" አለች እናቴ።

"በዓለ ሃምሳ እኮ ነው እማዬ።"

"አውቃለሁ። እኔ ጾም ነኝ፣ አንቺ ጠጪው።"

እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ። ኩባያውን ወደ አፏ አነሳችው። እየተንቀጠቀጠ ጥርሷን ይመታው ነበር። ጠጣችው፣ አረፍ አለች፣ ደግሞ ጠጣችው። እናቴ ጉሮሮዋን ነበር የምትመለከተው።

"አለቀ?" አለቻት።

እህቴ ኩባያውን ዘቅዝቃ አሳየቻት።